በሚስቴ አፍ ስናገር

ሰው አዝኖም ይበድላል። እኔ ሚስቴን የበደልኳት አዝኜላት ነው።

ሚስቴ በአውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት በማይክሮፎን የመነሻ ሰዓት ስታስታውቅ የኖረች ናት። ባለፈው ዓመት የምላስ ካንሰር ያዛት። ሐኪሞቹ የምላሷን ግማሽ ቆርጠው ቦታውን ከክንዷ በወሰዱት ሥጋ ሞሉት። ዳነች፤ ግን «ር» እና «ል» እምቢ አሏት። የንግግር ባለሙያዋም «በየቀኑ ተናገሪ፣ ከማንም ጋር ተናገሪ» ብላ አዘዘቻት።

እኔ ግን ገና አፏን ስትከፍት እጨርስላታለሁ። ባለሱቁ እሷን ሲጠይቃት የምመልሰው እኔ ነኝ። ጎረቤታችን እንኳ «አንተ ሰውዬ፣ በሷ ፋንታ መብላትም ጀመርክ እንዴ?» ብሎ ቀልዶብኛል። ስቄ አለፍኩት።

አንድ ጠዋት የመናኸሪያው ኃላፊ ደወለ።

«ወደ ሥራዋ ትመለሳለች?»

«አይ፣ አትችልም። ማይክሮፎኑን ለሌላ ሰው ስጡት» አልኩት።

ዞር ስል በሩ ላይ ቆማለች።

«ማን መልስ አለህ?» አለችኝ። ቃሉ ተጣሞ ወጣ፤ ግን ወጣ።

«የኔ እናት፣ እንዳይስቁብሽ ብዬ እኮ ነው።»

«ይሳቁ! ስቀው ሲጨርሱ እደግመዋለሁ። ግማሹን ካንሰር ወሰደው፤ የቀረውን ደግሞ አንተ ልትወስደው ነው?»

ጫማዋን አጥልቃ ወጣች። እስከ መናኸሪያው ተከተልኳት። ኃላፊው እያመነታ «እስቲ ለዛሬ ሞክሪው» አላት። እኔ ከመንገደኞቹ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ድምጿ ከማጉያው ወጣ። ወደ ወደቡ የሚሄደው አውቶቡስ፣ በር አራት። ሁለት ጎረምሶች ተሳሳቁ፤ አንደኛው አፉን አጣሞ አስመሰላት። እሷ ስቀው እስኪጨርሱ ጠበቀች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል እያስቀመጠች፣ ደገመችው። አንዳንዶች ሻንጣቸውን አንስተው ወደ በሩ ሄዱ።

አጠገቤ የተቀመጡት አሮጊት «ልጄ፣ ምን አለች?» አሉኝ።

መልሱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

«ትደግመዋለች፣ እማማ። ያዳምጧት።»

ደገመችው። አሮጊቷ ጆሯቸውን ቀና አድርገው ሰሙ፤ «በር አራት!» ብለው ተነሱ።

ወገኖቼ፣ ከበሽታ የተረፈን አንደበት በርኅራኄ አትዝጉት። ቃሉን ከአፉ አትንጠቁት፤ ጠብቁት። ሚስቴ ዛሬም ከ«ር» ጋር ትታገላለች። አውቶቡሶቹ ግን በሰዓታቸው ይነሳሉ።