አፉ በይኝ ሳትለኝ

ፋጡማ የባሌ የሰይድ ታላቅ እህት ናት። የዛሬ ስምንት ዓመት፣ ለታመመው ባሌ ዱዓ ይደረግለት ብዬ ቤቴ ውስጥ ባወጣሁት ወዳጃ ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት ብድግ አለችና ጣቷን ቀሰረችብኝ። «ምን ያስለፋችኋል? ወንድሜን አፍዝ አደንግዝ አጠጥታ ያፈዘዘችው ይቺ ከሪማ ናት!» አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ኮምቦልቻ ያሉ ጎረቤቶቼ ከቤቴ ውሃ መጠጣት ተዉ። ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ «ጾመኛ ነኝ» «አሁን ጠጥቼ ነው የመጣሁት» ይሉኛል። እኔም ፋጡማን እትዬ ማለቱን ተውኩ። አንድ ቀን እዚያው ሰው ፊት ቆማ «ከሪማ፣ በድዬሻለሁ፣ አፉ በይኝ» ሳትለኝ ፊቷን እንዳላይ ማልኩ። ይቅርታ የተጠየቀ ሰው እኮ ይረሳል! ያልተጠየቀስ? ያልተጠየቀ ሰው ነገሩን ጉሮሮው ላይ እንደተሰነቀረ አጥንት ይዞት ይዞራል…

ሰይድ ከደሴ ኮምቦልቻ ሃያ ዓመት ሚኒባስ የነዳ ሰው ነበር። አርባ ሰባት ዓመቱ ላይ፣ አንድ ጠዋት ከደሴ ስንወርድ ጋቢና አጠገቡ ተቀምጫለሁ። የሐረጎ ቁልቁለት መሀል ላይ መኪናዋን ጥግ አስይዞ አቆማት።

«ምነው ሰይዶ፣ ጎማ ነው?» አልኩት።

«ከሪማ… ኮምቦልቻ በየት በኩል ነው?»

ተሳፋሪዎቹ ከኋላ ሳቁ። «ሹፌር፣ ዛሬ በሰማይ ልትወስደን ነው እንዴ?» አለ አንዱ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ዞሮ ሲያየኝ ዓይኑ የጠፋ ሕፃን ዓይን ነበር። ሐረጎ ላይ ሌላ መንገድ የለም! ከወዲህ ተራራ ነው፣ ከወዲያ ገደል ነው። ያን ሁሉ የሰው ልጅ ጭነን፣ መሪውን የያዘው ሰው መንገዱን አላውቀውም ሲል ምን ይባላል? ያረቢ! ድምፄን እንደምንም አረጋግቼ «ወደ ታች ነው፣ የኔ ጌታ። ዝም ብለህ ወደ ታች» አልኩት። እስክንደርስ ድረስ እያንዳንዱን መታጠፊያ በጆሮው እየነገርኩት ወረድን። ቤት ስንገባ በሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ደሴ ላይ ሐኪሙ የጭንቅላቱን ፎቶ አይቶ «አልዛይመር ነው። የሽማግሌ በሽታ የምንለው የመርሳት በሽታ እሱን ከዕድሜው በፊት ያዘው» አለን። ፋጡማም አብራን ነበረች። ሐኪሙ ወደሷ ዞሮ «በቤተሰባችሁ በጎልማሳነቱ እንዲህ የሆነ ሰው ነበር?» ብሎ ጠየቃት።

«ኧረ የለም! ወላሂ የለም!» አለች።

ወላሂ ነው ያለችው! እኔም አመንኳት። በወሩ ነው እንግዲህ በወዳጃው ላይ ያን ነገር የተናገረችብኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አምስት ዓመት በፍርሃት ነው የኖርኩት። ሚኒባሷን ሸጥናት፤ ትርፍ ቁልፏን ግን ከእጁ ማን ይቀማው? ጎህ ሲቀድ ቁልፉን ይዞ ይወጣል። አንዴ ቦርከና ወንዝ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ «ተሳፋሪ እየጠበቅኩ ነው» ሲል አገኘነው። ሌላ ጊዜ መስታወት ውስጥ ራሱን አይቶ «ሌባ! ሌባ!» ብሎ ሰፈሩን ቀሰቀሰ። በመጨረሻ እኔንም ፈራኝ። ሃያ ዓመት አብሬው የኖርኩትን! ልጃችንን ሙናን ጠርቶ «ይቺን ሴት አስወጪልኝ፣ ታስፈራኛለች» አላት። ወደ ጓሮ ወጥቼ የልብስ መዘፍዘፊያውን ይዤ አለቀስኩ። ምን ላድርግ? ማንን ልክሰስ?

ሊሞት ሦስት ቀን ሲቀረው ድምፁ የሕፃን ድምፅ ሆነ። «እማን ክፈቱላት! ፋጡማ፣ በሩን ክፈቺላት… እያለቀሰች እኮ ነው!» እያለ ጮኸ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። ለቅሶ ከደረሱት መሀል ሰይድ ከተወለደበት ከቢስቲማ የመጡ አንዲት አሮጊት ነበሩና ጠየቅኳቸው። አፋቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ።

«አልነገሩሽም? እናቱ እኮ በአርባ ስምንት ዓመቷ አእምሮዋን ሳተች። ጂን ነው አሉና ከጓዳ ቆለፉባት። እዚያው ሞተች። ቁልፉን የምትይዘው ፋጡማ ነበረች፣ የአሥር ዓመት ልጅ።»

እያወቀች! ደሜ ፈላ። እያወቀች ማለች፣ እያወቀች ስሜን አጠፋችው! እኔም እልኸኛ ነኝ፣ እግሬን ቤቷ ወዳለበት ደሴ አላነሳም፣ እሷ ትምጣ አልኩ። ሦስት ዓመት ጠበቅኳት። አልመጣችም።

ዘንድሮ ሙና ደውላ «እማዬ፣ አክስቴ ጋ ገብቼ ነበር» አለችኝ። ሙና ደሴ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው።

«እሺ፣ ምን አለች?»

«‹አባትሽ እንዴት ነው? ለምን አይጠይቀኝም?› አለችኝ።» ትንፋሿ ሲቆራረጥ ይሰማኛል። «እማዬ… አያቴም፣ አባዬም፣ አሁን ደግሞ እሷ። እኔስ?»

«አይዞሽ» አልኳት፤ እኔን ማን አይዞሽ ይበለኝ?

በማግስቱ ደሴ ወጣሁ። እውነቱን ልናገር፣ ለምሕረት አልሄድኩም። አእምሮዋ ጨርሶ ሳይጠፋ አፉ በይኝ እንድትለኝ ነው የሄድኩት። ሸዋ በር ቤቷ ስደርስ የበሩ ቁልፍ ተነቅሎ ቀዳዳው በጨርቅ ተወትፏል። ጎረቤቷ «ራሷ ናት የነቀለችው። ትቆልፉብኛላችሁ ትላለች» አለችኝ።

ፋጡማ ስልሳ እንኳ አልሞላትም። አልጋው ጫፍ ላይ ኩርምት ብላለች። ቆሜ ስምንት ዓመት የያዝኩትን አወጣሁት። «ፋጡማ! በወዳጃ መሀል ባሏን አፍዝ አደንግዝ አጠጣች ብለሽ ስሜን ያጠፋሽውን ታስታውሻለሽ?»

ትክ ብላ አየችኝ። ዓይኗ እንባ ሞላ። «ውይ እህቴን! እንዲህ አሉሽ? ማን ናት እሷ? ምላሷ ይቆረጥ! ነይ፣ ቤቷን አሳዪኝ፣ እኔ ልክ አስገባልሻለሁ!» ብላ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች። ለእኔ ልትጣላልኝ! ሳቄ መጣ፣ እንባዬም አብሮ መጣ። ከዚያ እጅጌዬን ያዘችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ግን አንቺ… አትቆልፊብኝም አይደል?»

ያ ዓይን የሰይድ ዓይን ነው፣ ያኔ ሐረጎ ላይ ያየሁት። ቁልፍ ይዛ ከእናቷ ጓዳ ደጅ የቆመች የአሥር ዓመት ልጅ ታየችኝ። ተራዬ መቼ ነው እያለች ዕድሜዋን ሙሉ ስትንቀጠቀጥ የኖረች ሴት ናት። በእኔ ያላከከችው ፍርሃቷን ነው…

«ተያት፣ እትዬ» አልኳት። «ያቺን ሴት አፉ ብያታለሁ።»

ጫማዋን አጥልቄላት ኮምቦልቻ ወደ ቤቴ ይዣት ወረድኩ። ሐረጎ ላይ «ወዴት ነው?» ስትለኝ «ወደ ታች ነው፣ እትዬ» አልኳት።

ሐሙስ ወዳጃ አወጣሁና እነዚያኑ ጎረቤቶቼን ጠራሁ። ፋጡማን ጎኔ አስቀመጥኩ። «ሰይድን ያፈዘዘው በሽታ ነው፣ ከእናቱ የመጣ። ይቺንም ይዟታል። ልጄንም ይዟት እንደሁ አላውቅም። ድግምት የሚል ካለ አሁን ይበል፣ በሽታ የያዘውን ሰው የሚቆልፍ ካለም አላህ ይየው» አልኩ። ፋጡማ ብቻ «እውነቷን ነው!» አለች፣ ምን እንደተባለ ሳይገባት። ያን ጊዜ የአጥር ጎረቤቴ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ከሪማ፣ እስቲ ውሃ አጠጪኝ።»

ሙና እስካሁን ትፈራለች፣ እኔም እፈራለሁ። በግንባሯ የተጻፈውን ማን አንብቦ ያውቃል? እኔ የማውቀው የዛሬን ነው። ከሰዓት ሸለብ ሲያደርገኝ የፋጡማን ነጠላ ጫፍ ከነጠላዬ ጫፍ ጋር እቋጥረዋለሁ። ልትወጣ ስትነሳ ይስበኛል። ተነስቼ አብሬያት እወጣለሁ።