ግራጫው እስኪስተካከል

የፎቶግራፈሩ እናት ዓይናቸው እየደከመ ነበር። ሐኪሙ ቁርጡን ነግሯቸዋል፤ ብርሃኑ አይመለስም። እሳቸውም ልጃቸውን የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጁ ያነሳውን የሟች ባላቸውን ፎቶ፣ ማየት ሳያቅታቸው በትልቅ ወረቀት አትሞ እንዲያሳያቸው። የስልኩ ብርሃን ዓይናቸውን ይወጋቸዋል።

ፎቶግራፈሩ ማተሚያ ሊመርጥ የገባበት ሱቅ ውስጥ ያለችው ሻጭ ሥራዋን አሳምራ ታውቃለች።

«ጥቁርና ነጭ ነው?» አለች ፈገግ ብላ። «እንግዲያው ቻል አድርገው። ከባለቀለሙ ይልቅ ጣጣ ያለው እሱ ነው።»

የመጀመሪያውን ሙከራ በተራው የቀለም ማተሚያ አወጣችለት። ከሱቁ መብራት ሥር ምንም አይወጣለትም። ወረቀቱን ይዛ ወደ ደጅ ስትወጣ ግን፣ በፀሐይ የአባትየው ኮት አረንጓዴ መሰለ።

«አየኸው? ግራጫውን የሚሠራው ቀለሞቹን ደባልቆ ነው።»

«አባዬ በዕድሜው አረንጓዴ ለብሶ አያውቅም።»

ሳቁ። ትከሻቸው ተነካክቶ ነበር፤ አንዳቸውም ፈቀቅ አላሉም።

በሳምንቱ የራሱ ግራጫ ቀለሞች ያሉት ማተሚያ ተሞከረ። ደጅ ወጥተው አዩት፤ ኮቱ ጥቁር፣ ጥላው ለስላሳ ነው። «ይኸው፣ ውሰደው» ማለት ሲገባት፣ «ወረቀቱ ትንሽ ያብለጨልጫል፤ ሌላ ላስመጣ» አለችው።

ወረቀቱ ምንም እንዳልሆነ እያየ፣ «ልክ ነሽ፣ ጥቁሩም ሳሳ ብሏል» አለ እሱ።

ወደዋለች። ወዷታል። መምጫ ሰበቡ እንዳያልቅባቸው ሁለቱም ፈሩ፤ እንዲህ እያሉ ክረምቱ አለፈ።

አንድ ጠዋት ፊቱ ጠቁሮ ገባ።

«እማዬ ዛሬ ስትነሳ መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀችኝ።»

 ሻጯ፣ «የግራጫው ማተሚያ ያኔውኑ ደህና ነበር» አለች።

«አውቃለሁ።»

«እያወቅክ?»

«አንቺስ?»

 ፎቶውን አተመችና ሱቁን ዘግታ አብራው ሄደች።

እናትየው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት፤ ራቅ አደረጉት፤ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ያስመረጠችህ ይቺ ናት?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ነይ እስቲ፣ ልጄ። እየሳቀ ነው?»

ሻጯ ክው አለች። የኮቱን ጥቁረት፣ የጥላውን ጠርዝ፣ ወረቀቱን የያዙትን የልጁን ጣቶች ስታይ ከርማ፣ የሰውየውን ፊት አንድ ቀን ልብ ብላ አላየችውም። አሁን አየችው። አይስቅም።

«አዎ፣ እማማ፤ እየሳቁ ነው።»

ልጁ አቀረቀረ።

«እሱ ፎቶ ሲነሳ ስቆ አያውቅም» አሉ እናትየው፣ ሳይቆጡ። ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት። «ቁጭ በይና ያለውን ንገሪኝ።»

ተቀመጠች። እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ከግንባሩ ጀመረች።

«ቅንድባቸው መሃል ሁለት መስመር አለ።»

«የግራው ይረዝማል» አሉ እናትየው።

ጎንበስ ብላ አየች። የግራው ይረዝማል።