ሳሙና ያልነካው ዕቃ

ናሁሰናይ የእትዬ አመለወርቅን የዘይት ማንቆርቆሪያ ቀምሶ፣ ወረፋ በያዘው ሰው ሁሉ ፊት አስመለሰ።

ሥራው ቀማሽነት ነው። «ጣዝማ» የተባለችው የሕዋ መርከብ ከምድር ከተነሣች አሥራ ስምንት ዓመት ሆኗታል፤ ሦስት መቶው ተሳፋሪ የሚጠጣው ውሃ የሚጣራው በትልቁ የዓሣ ገንዳ ውስጥ አልፎ ነው። ውሃውን የሚያጠሩት ዓሦች፣ ቆሮሶዎቹ፣ እንቁላላቸውን በአፋቸው ይዘው የሚፈለፍሉ ናቸው። መደበቂያ ካላገኙ ግን አይዋለዱም፤ የተፈለፈለውንም ይበሉታል። መርከቧ ላይ ድንጋይ የለምና እያንዳንዱ ቤት በተራው አንድ ዕቃ ለገንዳው ያዋጣል። ልጆች መስታወቱ ላይ ተለጥፈው «ያ የኛ ሰሐን ነው!» እያሉ ይጠቋቆማሉ።

ማንኛውም ዕቃ ታዲያ መጀመሪያ እንዳለ ይቀመሳል፤ ከዚያ አንድ ቀን በጨውና በፈላ ውሃ ተነክሮ እንደገና ይቀመሳል። መቅመሻው «ልሳን» ይባላል። ዕቃው ላይ የሚለጠፍ ስስ ሽፋን ሲሆን፣ ከዕቃው የሚወጣውን ጣዕም ሁሉ በቀማሹ ትናጋ ላይ ወደተተከለች ቅንጣት ይልካል። ዓሣ የሚፈጀውን መዳብና ቀለም ቀማሹ ወዲያው ይለየዋል። ችግሩ፣ ሌላውም ሁሉ አብሮ መምጣቱ ነው፤ የከረመ ዘይት፣ የእጅ ላብ፣ የአፍንጫ ፈሳሽ።

«ፊትህን አስተካክል እንጂ!» አሉት የገንዳው ኃላፊ ጋሽ ላቀው። «ሰው እያየህ ነው።»

«ጋሼ፣ እርስዎም ቢቀምሱት ያስመልስዎታል። ሰው እንዲህ ሆኖ ነው እንዴ የሚኖረው?»

ከዚያ ቀን በኋላ የእትዬ አመለወርቅ ስም በመርከቧ «ቀማሹን ያስመለሱት» ሆኖ ቀረ።

የሚገርመው፣ በሚቀጥሉት ሳምንታት የሚመጣው ዕቃ ሁሉ ጣዕሙ እየተሻሻለ ሄደ። ናሁሰናይ ሰዉ ንጽሕና ተማረ ብሎ ደስ አለው። በወሩ እትዬ አመለወርቅ ራሳቸው በማንቆርቆሪያው ፈንታ የሸክላ ድስት በነጠላ ጠቅልለው መጡ።

«እስቲ ዛሬስ ምን ትል ይሆን፣ የኔ ንጹሕ!»

ልሳኑን ለጠፈበት። ዘይት የለም፤ ላብ የለም። ቀዝቀዝ፣ መረር የሚል ነገር ብቻ አፉን ዳሰሰው። ስንት ዓመት ያልቀመሰው ዕረፍት ነበር። ሳይነክረው፣ ሁለተኛም ሳይቀምሰው፣ ወዲያው ገንዳው ውስጥ አኖረው።

ከምሳ በኋላ ቆሮሶዎቹ ውሃው ላይ ወጥተው አየር ይጎርሱ ጀመር። ጥቂቶቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ ገልብጠዋል፤ ከጉንጫቸው ልጋግ ይዝረበረባል። ሽታው መተላለፊያውን ሞልቶታል።

«ስድስቱ እናቶች እንቁላላቸውን በአፋቸው እንደያዙ ናቸው!» አሉ ጋሽ ላቀው። «እነሱ ከሞቱ ሌላ ዘር የለንም። ውሃው ያለ ዓሣ ወር አይቆይም። ምን አስገባህ?»

ናሁሰናይ ልሳኑን ውሃው ውስጥ ነከረ። ያው ቀዝቀዝ፣ ያው መረር። ሳሙና።

እትዬ አመለወርቅ ተጠሩ።

«ሰባት ጊዜ አጥቤዋለሁ» አሉ፣ ሳይሸሽጉ።

«ዕቃ በእንፋሎት እንጂ በሳሙና ማጽዳት ክልክል መሆኑን ያውቁ የለም እንዴ?» አላቸው ናሁሰናይ።

«አውቃለሁ። ከክልክሉ ያንተ ፊት ባሰብኝ።»

ናሁሰናይ ልሳኑን ከውሃው አውጥቶ ጠረገው።

«እኔ ብቻ መሰልኩህ?» ቀጠሉ። «ሰዉ የገላ ሳሙናውን እየቆጠበ የጓዳ ዕቃውን ሲፈትግ ነው የከረመው። ተራው ያልደረሰው እንኳ ሳይቀር! ተራው ሲደርስ እንዳታዋርደው።»

በሕይወት የተረፉትን ዓሦች ወደ ተጠባባቂው ገንዳ አዛወሯቸው። ገንዳው ባዶ ነው፤ መደበቂያ የለውም። የድሮው ገንዳ ዕቃዎች ሁሉ በሳሙና ውሃ ተበክለዋል። እናቶቹ ማምሻውን መጠጊያ ካላገኙ ደንግጠው እንቁላላቸውን ይተፉታል።

«ሳሙና ያልነካው ዕቃ አሁን የማን ቤት ይገኛል?» አሉ ጋሽ ላቀው።

እትዬ አመለወርቅ ሳቁ። «የማን ይሆናል? የሱ ነዋ! እሱን ማን ይቀምሰዋል?»

እውነት ነው፤ ቀማሽ ተራ የለበትም። ናሁሰናይ ፊቱ ቀልቶ ወደ ክፍሉ ሄደ። ካለችው ዕቃ ለዓሣ የምትሆነው ትልቋ የብርጭቆ ጆግ ብቻ ነበረች። ሁልጊዜ አፉን ገጥሞ የሚጠጣባት ናት። አንሥቶ ሲያያት ግርጌዋ እድፍ ይዟል። እጁ ሳይታዘዝ ወደ ሳሙናው ተዘረጋ። ሳሙናውን ከያዘ በኋላ ነው የሚያደርገውን ያወቀው። አስቀመጠውና ጆጓን እንዳለች ይዞ ወጣ።

መተላለፊያው በሰው ተሞልቷል። ልሳኑን ለጠፈባት። የከረመ ምራቅ፣ የረጋ ሻይ፣ የበሰበሰ ትንፋሽ። የሌላ ሰው ብትሆን ኖሮ ገና ድሮ ተፍቶት ነበር። እትዬ አመለወርቅ ጆጓን አይደለም የሚያዩት፤ ፊቱን ነው።

ዋጥ አደረገው።

«መርዝ የለባትም።»

«ጣዕሙስ?»

«የሰው ነው፣ እትዬ።»

እትዬ አመለወርቅ እጅጌያቸውን ሰብስበው ጨዉንና የፈላውን ውሃ አቀበሉት። ቀኑን ሙሉ ለመንከር ጊዜ ስላልነበረ ውሃውን አሥር ጊዜ እየለወጡ አብረው አጠቧት፤ ናሁሰናይም እንደገና ቀመሳት። ማምሻውን ጉንጯ ያበጠ እናት ቆሮሶ ወደ ጆጓ ገባች፤ ሌሎቹም ጆጓን ተጠጉ።

በአራተኛው ቀን አፏን ስትከፍት ጥቃቅን ዓሦች ከውስጧ እየጎረፉ ወጡ። በማግስቱ ሦስት መቶው ተሳፋሪ በተጠባባቂው ገንዳ ተጣርቶ፣ የናሁሰናይን ጆግ ነክቶ የመጣውን ውሃ ቀድቶ ጠጣ። ማንም ፊቱን አላጨማደደም።