የትርንጎ ምሰሶ

ጓንጉል የሟች ወንድሙን ሚስት፣ ትርንጎን፣ በደላት። ከዚህ ልጀምር፤ ኋላ ፍርሃቱ ሲመጣ ምን አድርጎ ነው እያላችሁ እንዳታቋርጡኝ። አድርጎ ነው። ጠጋ ጠጋ በሉ፤ በሩንም ግጠሙት።

ድሮ ነው። አገሩን አልነግራችሁም፤ ዘመዶቹ ዛሬም አሉ፣ ነገር አልወድም። ያኔ ቤት እንደዛሬ በቆርቆሮና በሚስማር አይሠራም። ማገሩ በልጥ ይታሰራል፣ ግድግዳው ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ ይመረጋል፣ ጣራው ሣር ይለብሳል። ያ ሁሉ ሸክም በማን ላይ ያርፋል? በምሰሶው። መሐል ቤት ቀጥ ብሎ በቆመ አንድ እንጨት ላይ። ምሰሶው ወይራ ከሆነ ቤቱ ሦስት ትውልድ ያያል። ባሕር ዛፍ ከሆነ፣ ያውም እርጥቡን ሳይላጥ ከተተከለ፣ ለምስጥ ድግስ ነው።

የትርንጎ ምሰሶ ወይራ ነበር። ባሏ ዋሴ ከገደል ሥር ቆርጦ በሰው ሸክም ያመጣው ነው፤ ስንት ዓመት ጀርባ ሲደገፍበት ልስልስ ብሏል። ዋሴ ሞተ። ጓንጉል ደግሞ ልጁን ሊድር አዲስ ቤት ይሠራል፤ አማቾቹ ቤቱን ሊያዩ ይመጣሉ፤ ወይራ በአገሩ አልቋል። ምን ያድርግ? ሌላ ሰው ቢሆን ባለው ይሠራ ነበር። ጓንጉል ግን ትርንጎ የባሏን የአርባ ቀን ተዝካር ልታወጣ ቤተ ክርስቲያን የምትውልበትን ቀን ጠበቀ።

ሁለት ጎረቤቶች ጠራ። ምሰሶውን ምስጥ ከውስጡ ጀምሮታል፣ ሐዘን ላይ ናትና ሳትሰማ እንቀይርላት አላቸው። ጣራውን በባላ ደግፈው ወይራውን ነቀሉ፣ በምትኩ እሱ ያመጣውን እርጥብ ባሕር ዛፍ ተከሉ። እንዳንተ ያለ የባል ወንድም፣ እንዳንተ ያለ ዋርሳ ለሁሉም ይስጥ ብለው መረቁት። አሜን አለ። አሜን አለ ነው የምላችሁ! እነሱ ሲሄዱ ከምድጃው በላይ ያለውን ጥቀርሻ ጠርጎ አዲሱን እንጨት ቀባው፣ አሮጌ እንዲመስል። ወይራውን ጠርቦ በልጁ ቤት አቆመው።

ማታ ትርንጎ ገባች፤ ጓንጉልም ሊያጽናናት መጥቶ ተቀምጧል። ምሰሶውን ዳበሰችው። መዳፏ ጠቆረ። መዳፏን አየች፤ ቀና ብላ ጓንጉልን አየች። ምን አለች? ምንም። መሬቷን የሚያርስላት እሱ ነው፤ ምን ትበል? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ተዉት፣ እሳት ዳር ተቀምጦ ሁሉም ጀግና ነው።

በነሐሴ ዝናቡ ሦስት ቀን ሳያባራ ሲወርድ፣ የራሰው ጣራ ሌሊት ቁልቁል መጣ። የትርንጎን በድን ከሥሩ አወጡ። በቀብሯ ላይ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ቤቱ እኮ አርጅቶ ነበር ያለው ማነው? እሱ።

ከዚያ ወዲያ እህል አልዋጥ አለው፣ እንቅልፍም እምቢ አለው። ለንስሐ አባቱ ተናዘዘ። ቄሱም ለእኔ መንገርህ አይበቃም፣ ሰንበቴ ላይ በሰው ፊት ተናገር አሉት። እሺ አለ። አንድ ሰንበት አለፈ፣ ሁለት አለፈ፣ አምስት አለፈ። አፉ የሰንበቴውን ጠላ ይጠጣል እንጂ አይናገርም።

ጥቅምት መጣ። ማሽላው ደርሶ ሰው ሁሉ ከጃርትና ከከርከሮ ሊጠብቅ በየማማው ያድራል። ጓንጉል እስከ እኩለ ሌሊት ይጠብቅና ልጁ ሲተካው በቀጭኗ መንገድ ወደ ቤቱ ይመለሳል። መንገዷ በትርንጎ ፍርስራሽ ደጅ ታልፋለች።

በመጀመሪያው ሌሊት ዓይን ቢወጉ አይታይም። ድምፅ ሰማ። ጨቅ... ጨቅ... ጨቅ። ጭቃ ሲቦካ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እግር ሲገባ፣ እግር ሲወጣ? ዝናቡ ካባራ ወር አልፎታል። በደረቅ መሬት ጭቃ የሚያቦካ ማነው? ጓንጉል እንቁራሪት ነው አለ። እንቁራሪት ነው ብሎ ሄደ።

በሁለተኛው ሌሊት ድምፁ የለም። በዳበሳ ሲሄድ እጁ ግድግዳ ነካ። የፈረሰው ግድግዳ ቆሟል። ጭቃው እርጥብ ነው፤ ሲመረግ የቀረው የጣት ፋና ይዳሰሳል፤ ቀጭን ጣት፣ የሴት ጣት። ሮጠ። ለልጁ ነገረው? አልነገረውም። አብረኸኝ ሂድ ቢለው፣ ምን ፈርተህ ነው ይለዋላ! ኃጢአቱን የደበቀ ሰው አጃቢ የለውም። እናንተ ግን ከዚህ ስትወጡ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ አደራ።

በሦስተኛው ሌሊት በዚያ መንገድ አልሄደም። በዙሪያው፣ በወንዙ በኩል ሄደ። ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደ። መንገዱ ዞሮ ዞሮ ከዚያው ደጅ ጣለው።

ቤቱ ሙሉ ነው። ጣራው ሣር ለብሷል፣ በሩ ተከፍቷል፣ ውስጡ ጭል ጭል የሚል ብርሃን አለ። ምሰሶ ግን የለም። ያለ ምሰሶ ጣራ እንዴት ይቆማል? እሱም ይህንኑ ሊያይ አንገቱን አሰገገ። መሐል ቤት ትርንጎ ቆማለች። እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። ሁለት እጇን ሽቅብ ዘርግታ፣ ጣራውን በአናቷ ተሸክማዋለች። አንገቷ ወደ አንድ ወገን ተጣምሟል።

ደጃፉ ላይ ተንበረከከ።

«ትርንጎ፣ ምሰሶሽን ነገ ማታ አመጣልሻለሁ» አለ። «ሰው ሳያየኝ አመጣልሻለሁ።»

ልብ በሉ፣ እዚያም ሆኖ ሰው ሳያየኝ ይላል!

ዓይኗን ገለጠች። በሕይወቷ ሳለች ያልመለሰችለትን ያን ጊዜ መለሰችለት።

በማግሥቱ ሰንበት ነበር። ጓንጉል ሳይጠራ ተነሥቶ፣ ከጥቀርሻው እስከ ቀብሩ ድረስ ያለውን ሁሉ በሰው ፊት ዘረገፈው። እነዚያ ሁለት ጎረቤቶች ምርቃታችንን መልስ አሉት። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ ጣራ ሥር አላደረም። ብርድ እያንዘፈዘፈው አጥር ጥግ ያድራል፤ ልጁ ወደ ቤት ግባ ቢለው እየጮኸ ይሸሻል።

ቄስ ያላስከፈተውን አፍ የከፈተው ምን ዓይነት ቃል ነው? ስሙ። ጣራውን እንደተሸከመች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ድሮ ለእርሻ ስትለምነው በምትጠራው አጠራር ጠርታ እንዲህ አለችው፦

«አያ ጓንጉል፣ ወይራውስ ለልጅህ ይሁን። እኔ ደክሞኛል፤ ና ግባና አንተ ቁምልኝ።»