ከሦስት ሰዓት ከሩብ በኋላ የገባው ዜና

የዜና ቢሮውን ዋና አዘጋጅ በኮምፒውተር ማሽኖቹ ክፍል ወለል ላይ ተደፍቶ ያገኘችው የኮምፒውተር ባለሙያዋ ናት። ጭንቅላቱ የብረቱን መደርደሪያ መትቷል፤ ሲወድቅ እግሩ የጠለፈው ገመድም ተነቅሎ ትንሿ ማሽን ጠፍታለች። አደጋ ነው እንዳይባል አንገቱ ላይ የጣት ምልክት ነበር።

የክፍሉ ቁልፍ ያለው በሟቹና በእሷ እጅ ብቻ ነው። 

አዛውንቱ መርማሪ ሦስቱን ባልደረቦች አንድ በአንድ ጠየቁ። አራሚዋ ሐኪም ቤት ነበረች፤ ሐኪሟ መሰከረላት። ምክትል አዘጋጁ ቤቱ ሆኖ ጠዋት በሦስት ሰዓት ከሃያ ዜና መላኩን ተናገረ፤ የጋራው ማህደር ሲታይም ዜናው በዚያው ሰዓት ተቀምጧል። ለባለሙያዋ ግን የሚመሰክርላት ጠፋ።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው ሁሉንም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጧቸው። ምክትሉ አጠገቧ ተቀምጦ ትከሻዋን መታ መታ አደረገ። «አይዞሽ፣ እህቴ» አላት። እጁ ቀዝቃዛ ነበር።

መርማሪው የማህደሩን ዝርዝር አስቀርበው ዜናዎቹን ማን እንደሚያስቀምጣቸው ጠየቋት። የሚገባውን መልእክት እየተቀበለ ሰዓቱን ጽፎ ማህደር ውስጥ የሚከት ስክሪፕት የሚባል ትንሽ ፕሮግራም እንዳዘጋጀች፣ እሱም ትንሿ ማሽን ላይ እንደሚሠራ አስረዳች።

«ማሽኗ ስትጠፋስ፣ ልጄ?»

የምክትሉ ትንፋሽ ቀጥ ሲል ተሰማት።

«ማንም አያስቀምጠውም፣ ጋሼ። መልእክቱ ደጅ ሆኖ ይጠብቃል።»

መርማሪው ራሳቸውን ነቀነቁ። ስክሪፕቱ የመጨረሻውን ዜና ያስገባው በሦስት ሰዓት ከአሥራ አራት ነው፤ ሟቹ የወደቀው ከዚያ ወዲያ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡ አርባ መልእክቶች እስካሁን ደጅ ናቸው። የገባው የምክትሉ ብቻ ነው።

«ስለዚህ በእጅ የተቀመጠ ነው» አሉ ወደ እሱ ዞረው። «ማህደሩ ደግሞ የሚከፈተው ከዚህ ቢሮ ኮምፒውተሮች ብቻ ነው። ቤትህ አልነበርክም። ዋና አዘጋጁ የፈጠራ ዜናዎችህን እንደደረሰባቸው ማስታወሻው ላይ ጽፏል፤ በሩን ራሱ ከፍቶ ማስረጃውን ሊያሳይህ አስገባህ።»

 ምክትሉ ሊገፋው እንጂ ሊገድለው እንዳልፈለገ ተናገረ፤ ያኔ ፖሊሶቹ ገቡ።

ሁሉም ከወጡ በኋላ መርማሪው ወደ ባለሙያዋ ጠጋ አሉ። ነገሩ ቀድሞ ገብቷት እንደነበር ዓይኗ ላይ እንዳዩ ነግረዋት፣ ለምን ዝም እንዳለች ጠየቋት።

እጆቿን ጭኖቿ መሃል ደብቃለች።

«አጠገቤ ተቀምጦ ጉልበቱ ጉልበቴን እየነካ እንዴት ልናገር፣ ጋሼ?» አለች።