ስድስተኛውን ዙር የጻፈው እጅ

ኦርቪል ፕራተር የሞቱት ቤዝቦል ሲያዩ ነው። በሲንሲናቲ መሃል ከተማ፣ ከወንዙ ዳር ባለው ስታዲየም፣ ባርኔጣቸው ዐይናቸው ላይ ወርዶ፣ ጨዋታውን ዙር በዙር በእጃቸው የሚመዘግቡበት የውጤት ካርድ ጉልበታቸው ላይ እንደተዘረጋ ተገኙ። በግራቸው ያለው ወንበር የሟች ሚስታቸው የሎሪን ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሞተችበት ቀን ከሚኖሩበት ከማዲሰን ቤተሰቡን ይዘው ይመጣሉ፣ ለእሷም ትኬት ይቆርጡላታል፤ ማንም አይቀመጥበትም።

መርማሪ ቴልማ ኦከርሉንድ ስትደርስ ተመልካቹ ወጥቷል፣ ሬሳውም ተነሥቷል። ሜዳውን የሚያጠጡት ሠራተኞች ወደዚያ ወንበር ላለማየት ጀርባቸውን ሰጥተው ይሠሩ ነበር። ወጣቱ ፖሊስ የሟችን ወንድ ልጅ ክሊፍተንን በካቴና ሊያስር ተዘጋጅቷል።

«ነገሩ ያለቀለት ነው» አላት። «ሽማግሌው የልብ በሽተኛ ናቸው፤ ሲያማቸው ምላሳቸው ሥር የሚረጩት መድኃኒት አላቸው። መድኃኒቱ የተገኘው ከዚህ ሰውዬ ኮት ኪስ ነው። ካርዱ ከዘጠኙ ዙር እስከ ሰባተኛው ድረስ ተሞልቷል፤ ስለዚህ እስከዚያ ድረስ በሕይወት ነበሩ። በስድስተኛውና በሰባተኛው ዙር አጠገባቸው የነበረው እሱ ብቻ ነው። ሲጮህባቸውም ተሰምቷል።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ኦከርሉንድ ግን ማሳደር አትወድም።

«አቶ ክሊፍተን፣ ምን ብለው ነው የጮኹባቸው?»

«ሦስት ዓመት ተኳርፈን ነበር» አለ ክሊፍተን። «ዛሬ ልታረቅ መጣሁ፤ ድፍረት አጥቼ አምስት ዙር ሙሉ ከኋላ ቆሜ ዋልኩ። በመጨረሻ እናቴ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ዝም አሉኝ። ደግሜ ለመንኳቸው፤ ዝም። እንቅልፍ የወሰዳቸው መስለው ሊሸሹኝ ነው ብዬ ተናደድኩ።»

«አባትዎ ካርዱ ላይ ሲጽፉ አዩ?»

«አላስተዋልኩም። ያንን ወረቀት ከልጅነቴ ጀምሮ አልወደውም፤ ከእኛ ይልቅ እሱን ነበር የሚያዩት። ለእኔ ቁጥርና ጭረት ነው። አጻጻፉን ያስተማሩት ሮዝሊንን ነው።»

እህቱ ሮዝሊን ሁለት ወንበር አልፋ ተቀምጣለች። አባቷን ስታስታምም የኖረችው እሷ ናት። ከእግሯ ሥር ሁለት ሆት ዶግ ከነመጠቅለያው ደርቋል።

«ይህን መቼ ገዙት?» አለቻት መርማሪዋ።

«በሦስተኛው ዙር። ሰልፉ ረጅም ነበር። አራተኛው ሲጀመር ተመለስኩ።»

«አባትዎ አልበሉም?»

«አልራበኝም አሉ።»

ወንበር አሳዪዋ አሮጊት፣ ኧርነስቲን፣ ከደረጃው ላይ ሆና ራሷን ነቀነቀች። «ኦርቪል? ኧረ እሱስ ሆት ዶግ ከነመጠቅለያው የሚበላ ሰው ነው።»

«መድኃኒቱስ ማን ጋ ነበር?»

«እሳቸው ኪስ» አለች ሮዝሊን።

ኦከርሉንድ የሟችን ቦርሳ ከፈተች። ያለፉት ዓመታት ካርዶች በላስቲክ ታስረው ተቀምጠዋል። አንድ በአንድ ገለጠቻቸውና የዛሬውን አጠገባቸው ዘረጋች። ከዚያ አራቱንም ወደ ራሷ ጠራች።

«በስድስተኛው ዙር» አለች «አንድ መቺ ኳሷን መታ፤ ተከላካዩ ይዟት ጣላት። ላይ የሚቀመጠው የጨዋታው ይፋዊ መዝጋቢ የተከላካዩ ስህተት ነው ብሎ ሰሌዳው ላይ አወጣ። ሰባተኛው ዙር እንዳለቀ ሐሳቡን ለወጠና የመቺው ጥሩ ምት ነው አለ። በሬዲዮ ስሰማው ነበር።»

«ታዲያ?» አለ ፖሊሱ።

«ሽማግሌው የሚጽፉት በማይጠፋ ቀለም ነው። ውሳኔ ሲለወጥ ይሰርዙና ከላይ ይጽፋሉ። የድሮዎቹን እያቸው፣ ስርዝ ድልዝ ናቸው። የዛሬው ካርድ ላይ ግን ያ ቦታ ንጹሕ ነው፤ ገና ከመነሻው ጥሩ ምት ተብሎ ተጽፏል። ስለዚህ ስድስተኛው ዙር የተጻፈው ሰባተኛው ካለቀ በኋላ ነው። ኦርቪል በሕይወት ቢኖሩ ሁለት ዙር ሙሉ ሳይጽፉ ይቀመጡ ነበር?»

«በጭራሽ» አለች ኧርነስቲን።

«እንግዲያው አቶ ክሊፍተን ሲቀመጡ እሳቸው ሞተው ነበር።»

ክሊፍተን የደረጃውን ብረት ያዘ። «ሁለት ዙር ሙሉ ይቅር በሉኝ ያልኩት ሬሳ ነው?» አለ። ኧርነስቲን ፊቷን ወደ ወንዙ አዞረች።

«ቀሪውን የሞላው ሰው አጻጻፋቸውን ያውቃል» ስትል ቀጠለች ኦከርሉንድ። «የሚያውቀው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሆት ዶጉ ያልተበላው፣ ሲመጣ የሚበላው ስላልነበረ ነው። መድኃኒቱ ኪሳቸው ውስጥ ቢሆን አውጥተው ይረጩት ነበር። የት ነበር፣ ወይዘሮ ሮዝሊን?»

ሮዝሊን የገዛ ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳበች።

«ቦርሳዬ ውስጥ። ረስቼ ይዤው ሄድኩ። ስመለስ አልቀዋል።» ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «ዘጠኝ ዓመት አጥቤ፣ አብልቼ፣ በመጨረሻ ለሆት ዶግ ብላ ገደለቻቸው ልባል ነው? ባርኔጣቸውን ዝቅ አደረግኩና አራተኛውን ዙር ጻፍኩ። እጄ የእሳቸውን እጅ መሰለኝ። አምስተኛው ላይ ስደርስ ሲተነፍሱ የሰማሁ ሁሉ መሰለኝ፤ እግዜር ያውቃል፣ ሰምቻለሁ። ከዚያ ክሊፍተን መጣ። መድኃኒቱን ኮቱ ኪስ ከተትኩና ታረቁ ብዬ ካርዱን ይዤ ተነሣሁ። ሲሄድ ተመልሼ የቀረውን ሞላሁ።»

ፖሊሱ ካቴናውን ይዞ የሚያደርገው ጠፋው። ክሊፍተን መጥቶ እህቱ ፊት ቁጢጥ አለ።

«ሮዝ፣ ሞተው አገኘኋቸው ብለሽ ብትነግሪኝ ምን እል ነበር? ለሚጠይቅሽ ሁሉ እሷን ያዘገየኋት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ እሸከምልሽ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ» አለች። «ጥፋቱን ላንተ የሰጠሁትም ለዚያ ነው።»