ሰም የሌለው አመድ

ንብ አንቢው ሚልኬሳ የሞተው ጎጆው ውስጥ እንደተኛ ነው። ከማር ባዛር ሽልማቱን ይዞ በገባ ማግስት፣ ከምሳ በኋላ ጋደም ባለበት፣ የሱሉልታ ነፋስ እሳቱን በባሕር ዛፉ ላይ ነድቶ አመጣበት።

ሳጅን ገብረየስ አመዱን በጫማው ጫፍ እየገፋ ሦስቱን ጎረቤቶች ያዳምጣል። አለቃው በስልክ «ሲጋራ አጫሹን ይዘህ ና» ብሎታል። አለቃው ገብረየስ ራሱ በቅርቡ ሰላምታ አሰጣጥ ያስተማረው ልጅ ነው፤ ለገብረየስ ይገባ የነበረውን ማዕረግ ለብሶ ያዘዋል።

«የመብራት ሽቦ ነው!» አለ ተከራዩ ዮአብ፤ በጣቶቹ መካከል ያልለኮሳት ሲጋራ ይዟል። «ሲነፍስ እየተጋጨ ብልጭ ይላል!»

«ትናንት መብራት መች ነበረና?» አለ ግንድ ነጋዴው አብዱልከሪም። «በባትሪ ድንጋይ ነው ብልጭ ያለው? የሲጋራ ቁራጭህ ነው!»

«ያንተ ከሰል አክሳዮችስ?»

«ተከራከሩ» አሉ ሚልኬሳን ንብ ማነብ ያስተማሩት ሽማግሌ ቦጂያ። «እኔ ልጄን አጣሁ። ቀፎዎቻችንም ከነማራቸው ነደዱ። ዋቃ ያውቃል።»

«ኦቦ ቦጂያ፣ ሚልኬሳ ሲሸለም ስምዎን አነሳ?» አለ ሳጅኑ።

«ለምን ያነሳል? ማሩ የሱ ነው አሉ።»

ገብረየስ ያቺን «አሉ» ያውቃታል። ሆድ ውስጥ ገብታ የምትከርም ናት።

ጎንበስ ብሎ ቀፎዎቹ ተሰቅለውበት ከነበረው የተቃጠለ ዛፍ ሥር ድንጋይ አነሳ።

«እሳት ነፋስን ተቃውሞ አይሄድም» አለ። «የዮአብ ቤትም የከሰሉ ጉድጓድም ከታች ናቸው። ነፋሱ የመጣው ከላይ ነው፤ ላይ ያለው ደግሞ የእርስዎ አጥር ብቻ ነው፣ ኦቦ ቦጂያ።»

«ነፋሱንም እኔ ላክሁት በለኛ!»

«ማር የሞላው ቀፎ ሲነድ ሰሙ ቀልጦ ድንጋዩን ያወዛዋል። ይሄ ደረቅ ነው። የነደዱት ባዶ ቀፎዎች ናቸው። ንቦቹንም እዩአቸው።»

ጥቂት ንቦች የከሰለውን ግንድ ዞረው ዞረው ወደ ላይኛው አጥር በረሩ።

«የለመዱትን ዛፍ ፈልገው ይመጣሉ፤ ሲያጡት ወደ አዲሱ ቤታቸው ይመለሳሉ። አስቀድሞ አዛውሯቸው አሮጌ ቀፎ የሰቀለ ሰው፣ እሳቱ እንደሚመጣ ያውቅ ነበር።»

አብዱልከሪም በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ «ያ ረቢ!» አለ። «ቀፎዎቹን በጆንያ ሸፍነዋቸዋል!»

ዮአብ አመዱ ላይ ቁጭ አለ።

«ንቦቹ ምን በደሉ?» አሉ ቦጂያ።

«ሚልኬሳስ?»

«አንዴ... አንዴ እንኳ ቦጂያ አስተማረኝ ቢል!»

ስልኩ ጮኸ። «አጫሹን ያዝከው?» አለ አለቃው።

«ሌላ ሰው ነው ጌታዬ» አለ ገብረየስ፣ ዓይኑን ከሽማግሌው ላይ ሳይነቅል። «ምስጢሩን ማን ደረሰበት ብለው የበላዮችዎ ሲጠይቁዎት ግን፣ እባክዎ፣ ስሜን ያንሱ።»